ኬኩ ሲቆረስ ልጄን ከክፍል ያስወጧታል

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ትንሽ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። አምና ክረምት ላይ ውኃ ውኃ ማለት ጀመረች። ሌሊት አልጋ ላይ ትሸናለች፤ ክብደቷም ቀነሰ። መጀመሪያ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተባልን። በሳምንቱ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ዓይነት 1 ስኳር ሆኖ ተገኘ። አሁን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ሬጉላርና ኤንፒኤች የሚባሉት ሁለት ዓይነት ተቀላቅለው።

ጭንቀቴ ትምህርት ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ክፍል ውስጥ የልጆች ልደት ይከበራል። ኬክ ይቆረሳል፣ ከረሜላ ይታደላል። መምህሯ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ስለምትፈራ ኬኩ ሲቆረስ ልጄን ወደ ቤተ መጻሕፍት ትልካታለች። ባለፈው ሳምንት ዩኒፎርሟን ላጥብ ስል ካልሲዋ ውስጥ አራት የከረሜላ ወረቀት አገኘሁ። የዚያን ዕለት ማታ ስኳሯ 340 ነበር። እውነቱን ልናገርና መታኋት። እሷም ‹እኔ ብቻ ነኝ የማልበላው› ብላ ስታለቅስ አመሸች።

አማቴ ከትምህርት ቤት አስቀሪያት ትለኛለች። ለሌሎቹ ወላጆች አልተናገርኩም፤ ነገ እንዲጠቋቆሙባት አልፈልግም። ጣፋጭ ጭራሽ ልከልክላት? ልደቷ ደግሞ ግንቦት ላይ ነው። ኬክ ልዘዝ ወይስ ዘንድሮ ይለፈን?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን እያነበብኩ ካልሲው ጋ ስደርስ አቆምኩ። ታናሽ ወንድሜን አስታወስሽኝ። እሱንም ይኸው በሽታ የያዘው በ11 ዓመቱ ነው። ያኔ ደብተር የምንለብጠው በጋዜጣ ነበር። አንድ ቀን እናቴ የሒሳብ ደብተሩ ለምን እንዳበጠ ገርሟት ልባጡን ስትፈታው፣ በጋዜጣውና በሽፋኑ መሃል የከረሜላ ወረቀት ተደርድሮ አገኘች። አንድ በአንድ በጥፍሩ ዳምጦ አስተኝቷቸዋል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቁ ወረቀቶች። እናቴ አልመታችውም፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖም «ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል።

ስለዚህ ስለ ዱላው አልፈርድብሽም። ፈርተሽ ነው። ግን ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቂያት። «ስለፈራሁ ነው የመታሁሽ፣ ሁለተኛ በስኳር ምክንያት አልመታሽም» በያት። ሌላው ምክር ሁሉ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የኢንሱሊኗን መጠን የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ሐኪሟ ብቻ ነው። የምነግርሽ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት የኖርነውንና ክሊኒክ እየተመላለስን የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ፣ ልጅሽ የታመመችው ከረሜላ ስለበላች አይደለም። ዓይነት 1 ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። አንቺ አድርገሽ ያመጣሽው ወይም ሳታደርጊ የቀረሽው ነገር የለም። ይህን ለአማትሽም ለመምህሯም ንገሪያቸው። «ስኳር» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሰው ሁሉ ከረሜላውን እንደ ወንጀለኛ፣ ልጅቷን ደግሞ እንደ ተባባሪ የሚያያት ከዚህ የተነሳ ነው።

ጣፋጭ ጭራሽ ልከልክላት ወይ ላልሽው፣ አትከልክያት። በልክ፣ በሰዓቱና በግልጽ ትብላ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትይኝ «በግልጽ» የሚለውን እመርጣለሁ። አንድ ልጅ ተደብቆ የበላውን ማንም ሊቆጥርለት አይችልም። አንቺ የማታውቂውን ከረሜላ ኢንሱሊኑም አያውቀውም።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ ማስራብ ብቻ ነበር። ልጆቹ በጥቂት ምግብ አጥንታቸው እስኪወጣ እየቆዩ ጥቂት ወራት ይገዙ ነበር። በፈረንጆቹ ጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ሲወጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሊሞት የተቃረበው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። «ስኳር ያለበት ጣፋጭ ዞር ብሎ አያይም» የምንለው ነገር ከዚያ ዘመን የቀረ ፍርሃት ይመስለኛል። ልጅሽ ግን ኢንሱሊን አላት።

ደግሞም ዳቦው፣ እንጀራው፣ ፓስታው ሆድ ከገባ በኋላ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው። በምሳ ዕቃዋ የምትልኪላት ዳቦም ይቆጠራል። የኬክ ችግሩ ትንሹ ቁራሽ ብዙ ስኳር መያዙና ቶሎ መግባቱ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት ማንኪያ መሆኑ ነው። አንድ ደረቅ ከረሜላ ደግሞ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ካልሲዋ ውስጥ ያገኘሻቸው አራቱ ከረሜላዎች ተደምረው አንድ መካከለኛ ሙዝ ሆድ ገብቶ የሚሰጠውን ስኳር እንኳ አይሞሉም። 340ውን ያመጣው እነሱ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። ጉንፋን ይዟት ነበር? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለምትወጋ ቆዳዋ ጠጥሮ ይሆን? የጠጠረ ቦታ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም። ጭኗንና ሆዷን በእጅሽ ዳብሺና እይ። ወረቀቱን ስላገኘሽ ብቻ ምርመራውን እዚያ ላይ አታቁሚው።

አሁን ከከረሜላው ይልቅ እኔን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በተለይ እንደ ልጅሽ ሬጉላርና ኤንፒኤች ለሚወጋ ልጅ፣ ድንገት የሚጥለው የስኳር መውረድ ነው። ሰዓቱን አብረን እንቁጠር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጋሻት እንበል። ሬጉላሩ ኃይሉ የሚበረታው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። የዕረፍት ደወል የሚደወለውም እዚያው መሃል፣ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የዕረፍቷ መክሰስ ግዴታ ነው። ገመድ ዝላይ ላይ ረስታው መመለስ የለባትም። ኤንፒኤቹ ቀስ ብሎ ይነሳና ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማምሻው ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ምሳ አይዘገይም። ከዚያ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ትሳፈራለች። መንገዱ ተዘጋግቶ ጀርመን አደባባይ አካባቢ አንድ ሰዓት ቢቆሙ ኢንሱሊኑ አብሯት ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው። ከመሳፈሯ በፊት ትንሽ ነገር ትቅመስ። ሾፌሩና ረዳቱም ስለ ሕመሟ ማወቅ አለባቸው። ብዙ እናቶች መምህሯን ይነግሩና ሰርቪሱን ይረሳሉ።

ይህን ሰዓት ካወቅሽ የኬኩ ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ። ኬክ የሚጎዳት ከመክሰሷ በላይ ተጨምሮ ወይም ኢንሱሊኑ በደከመበት ሰዓት ሲመጣ ነው። በመክሰሷ ምትክ፣ 4 ሰዓት ላይ ከመጣ ግን ኢንሱሊኑ እየጠበቀው ነው። መምህሯን የምትለምኚያት አንድ ነገር ይህ ይሁን። «ልደቱን በዕረፍት ሰዓት ወይም ከምሳ ጋር አድርጉልኝ። በምን ሰዓት እንደሆነም ከዋዜማው ንገሩኝ።» ለመምህሯ ምንም ወጪ የለውም። ለልጅሽ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዋን ከመቀመጥ ያድናታል።

ዓርብ የሚሆነውም እንዲህ ነው። የዚያን ቀን የመክሰሷን ዳቦ አትላኪ፤ ወይም ላኪና ኬክ ካለ ሳትበላው ትመልሰው። የኬኩ ቁራሽ ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚያክል ይሁን። በግምት ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር ይቀራረባል። ክሬም የተከመረበትን ጫፍ ሳይሆን ከመሃሉ ይሰጣት። ለስላሳ አትጠጣ፤ ውኃ ትጠጣ። ፈንዲሻ ካለ ደግሞ ስኳር ካልተነሰነሰበት ከኬክ በጣም ይቀላል፤ እፍኝ ሙሉ ቢሰጧት አትደንግጪ። ከረሜላውን ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራ ወደ ቤት ታምጣ። ጠዋት ስትለኪያት ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ካደረ ግን የዚያ ቀን ኬክ ተጠቅልሎ ይምጣና በሌላ ቀን ከምግብ ጋር ትበላዋለች። ይህንን ከዋዜማው ተነጋገሩበት። ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ ከሆነ ልጅ ሁሉ ይጨቃጨቃል።

«ለኬኩ ተጨማሪ ኢንሱሊን ልውጋት?» የሚል ሐሳብ ይመጣብሽ ይሆናል። ለአንዳንድ ልጆች ሐኪሞቻቸው ይህን ያደርጋሉ፤ በጣም ጥሩ ዘዴም ነው። በግምት ግን በፍጹም አትሞክሪው። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ አንድ ዩኒት ብዙ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ «የልደት ቀን ምን ላድርግ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ሐኪሞቹ ይወዱታል፤ የሚጠይቃቸው ወላጅ ጥቂት ነው።

አሁን ስለ መውረዱ። የወንድሜን መውረድ መጀመሪያ የሚናገረው ደብተሩ ነበር። ቃል ጽሕፈት ላይ የፊደሎቹ እግር ከመስመር እየወረደ ይሄዳል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጽሑፉ የሌላ ልጅ ይመስላል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጽሑፍህን አስተካክል» ብሎ የጻፈባቸው ገጾች አሁንም አሉን። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንቀላፋህ ተብሎ ተንበረከከ። እዚያው እንደተንበረከከ ወደቀ። መምህሩ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ማንም አልነገረውም። እናቴ እንዳንቺው «ይጠቋቆሙበታል» ብላ ደብቃ ነበር።

ስለዚህ ለመምህሯ ሁለት ነገር ስጫት፤ አንድ ሳጥንና አንድ ወረቀት። ሳጥኑ የድሮ ምሳ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ውስጡ እያንዳንዳቸው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የያዙ በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት አራት ጥቅሎች፣ አንድ ትንሽ የታሸገ ውኃ፣ ኩባያ፣ አንድ ፓኮ ብስኩትና ስልክ ቁጥርሽ ይኑር። ግሉኮሜትርና ስትሪፕ፣ ማለትም የስኳር መለኪያውና በየልኬቱ የሚጣለው ወረቀቱ፣ ካላችሁ ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን። ስትሪፕ እንደሚወደድ አውቃለሁ። ለሦስት ቀን አንድ ስትሪፕ እየቆጠርን የኖርንበት ጊዜ ነበር። ካላችሁ ጥቂት ውስጥ ግን አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጥ።

ወረቀቱን በዚህ መልክ ጻፊው፤ ከፈለግሽ እንዳለ ገልብጪው፦

«ይድረስ ለክፍል ኃላፊ መምህርት። ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም። በየቀኑ ቤት ውስጥ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ እናንተ መርፌ እንድትሰጧት አልጠይቅም። የምለምናችሁ ይህን ነው። 4 ሰዓት ላይ መክሰሷን፣ 6 ሰዓት ላይ ምሳዋን መብላቷን እዩልኝ። ውኃና ሽንት ቤት ስትጠይቅ ፍቀዱላት፣ ፈተና ላይም ቢሆን። ካላባት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ከገረጣች፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰች ወይም ከተቆጣች፣ ካንቀላፋች ስኳሯ ወርዶ ይሆናል። መለካት ከቻላችሁ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። መለካት ካልቻላችሁ እንደወረደ ቁጠሩት። ከሳጥኑ አንድ ጥቅል ስኳር በትንሽ ውኃ በጥብጣችሁ ስጧት። 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻላት ድገሙ። ሲሻላት ሁለት ብስኩት ትብላ። ወደ ቢሮ ብቻዋን አትላኳት፤ ብቻዋን አትተዉአት። ራሷን ከሳተች ወይም ከተንፈራገጠች በአፏ ምንም አትጨምሩ። በጎኗ አስተኝታችሁ ወዲያው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰዷት፤ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ፤ እኔንም ጥሩኝ። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማትና ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ደግሞ ስኳሯ በጣም ወጥቶ ሊሆን ይችላልና ሳትቆዩ ደውሉልኝ። ልደት ሲከበር ከጓደኞቿ ጋር ትቀመጥ። የምትበላውን እኛ አስቀድመን ተስማምተናል።»

የጥቅሉን ልክ ሐኪሟ በክብደቷ አይቶ ያጽድቅልሽ። በስሟና በፊርማሽ አድርገሽ አንዱን ለመምህሯ፣ አንዱን ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለሰርቪሱ ስጪ። ስትሰጫትም ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት። መምህሯ ልጅሽን የምታስወጣት ምን ማድረግ እንዳለባት ስለማታውቅ ነው። ሳጥኑን ከከፈተችና ስኳሩን በእጇ ከያዘች ፍርሃቷ ይቀንሳል። ከልምዴ ነው የምነግርሽ።

ለምን ከረሜላ ሳይሆን ተራ ስኳር በውኃ አልኩ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለልጅ በጣም የሚያምታታው ነገር ይህ ነው። ጣፋጭ የተከለከለ ነው ይሉታል፤ ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ እነዚያው ሰዎች እየሮጡ ጣፋጭ አፉ ውስጥ ይጨምራሉ። ወንድሜ ለተወሰነ ጊዜ «ወረደብኝ» እያለ ከረሜላ ይበላ ነበር። ሳይወርድበት። ከዚያ አባቴ የበሰለ ነገር አደረገ። መድኃኒቱን ከመዝናኛው ለየው። ሲወርድ የሚሰጠው በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ብቻ ሆነ። ማንም ልጅ ደስ ብሎት የማይጠጣው ነገር። ከረሜላና ኬክ ደግሞ በተወሰነላቸው ቀን ከምግብ ጋር ይመጣሉ። ውሸቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆመ። ቸኮሌት ለመውረድ አይሆንም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። «ዜሮ» የተባለው ለስላሳም ስኳር ስለሌለው ምንም አያደርግላትም። ይህን ለግቢው ሱቅ ሻጭም ንገሪ፤ አንድ ቀን በቸርነት ሊሰጣት ይችላል። ስኳሩ ካለቀ ግን ግማሽ ብርጭቆ መደበኛ ለስላሳ ይሠራል።

ወደ ካልሲው ልመለስ። ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ አስቀምጪ። ትምህርት ቤት የተሰጣትን ከረሜላ ሁሉ አምጥታ እዚያ ትጨምር። ስትጨምር ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይጠይቅም። እሑድ ምሳ ላይ አንዱን ወይም ሁለቱን ራሷ ትመርጣለች፤ ከእንጀራዋ ትንሽ ይቀነሳል። ለመጠራቀም ሲበዛ ደግሞ ለታናናሾች ታድል። ማደል ለልጅ ትልቅ ክብር ነው፤ የተከለከለች ሳትሆን የምትሰጥ ትሆናለች። እሺ ብላ ታመጣለች ወይ ብለሽ ትጠራጠሪ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁሉንም አታመጣም። ወረቀት ብታገኚም አትጩኺ። «ስንት በላሽ? ልቁጠርልሽና እንለካሽ» በያት። እውነት ስትነግርሽ አመስግኛት፣ ቁጥሩ መጥፎ ቢሆንም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ልለምንሽ። ስትለኪያት «ስንት አመጣሽ?» አትበያት። እናቴ ሁልጊዜ እንደዚያ ትል ነበር። እኛ አገር ይህ ጥያቄ የፈተና ጥያቄ ነው። 340 ያመጣች ልጅ የወደቀች ይመስላታል። ከዚያ ልኬቱን መሸሽ፣ መዋሸት ትጀምራለች። «ስንት ሆነ?» በያት። ለአንቺ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእሷ ግን ብዙ ነው።

ለሌሎቹ ወላጆች ልናገር ወይ? ተናገሪ። ለሁሉም በአንድ ቀን መሆን የለበትም። ከክፍሏ ወላጆች ልደት ከሚያዘጋጁት ሁለት ሦስቱን ያዢ። «ልጄ ስኳር አለባት፤ ኬክ ከልክሉልኝ አልልም፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሩኝ» በያቸው። ከከረሜላ ጋር እርሳስ፣ ላጲስ፣ ፊኛ ወይም ተለጣፊ ምስል የሚያድሉ ቤተሰቦች እየበዙ ነው፤ ሐሳቡን ብታነሺ ብዙ እናቶች ደስ ይላቸዋል። የእነሱም ልጆች ጥርስ አላቸው። ልጅሽንም አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኚያት፤ «ቆሽቴ ኢንሱሊን ስለማይሠራልኝ መርፌ እወጋለሁ፣ አይጋባም።» ልጆች ከዚህ በላይ አይጠይቁም። መርፌው ያማል ወይ ብለው ይጠይቁና ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። የሚጠቋቆመው የሚደበቅበት ነገር ያለ የመሰለው ሰው ነው። አጠገቧ የምትቀመጠውን ጓደኛዋንም አትርሺ። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ያተረፈው መምህር ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል» ብሎ የተናገረ እሱ ነበር።

ሰው የሚመክርሽን ጥቂት ነገር ባጭሩ ልለፍ። «ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳትም» ይሉሻል፤ ማርም ስኳር ነው። ዓርብ የጾም ኬክ ስለሆነ ይቀላል የሚሉም አሉ። ወተትና እንቁላሉ ነው የቀረው፤ ስኳሩና ዱቄቱ እዚያው አለ። «ለስኳር በሽተኛ» የሚል የተጻፈበት ብስኩትም ዱቄት ነው፤ ይቆጠራል፤ ዋጋውም ኪስ ያራቁታል። ጁስ ቤት የሚጨመቀው ብዙ ፍሬ ያለበት ጁስ ከፍሬው ይብሳል፤ ብርቱካኑን ልጣ ትብላው። አብሽ፣ ሽፈራው ምናምን ቢያመጡልሽ ደግሞ በኢንሱሊን ቦታ እንዳይገባ። ጠበል ትሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ፤ መርፌዋን ይዛ ትሂድ። በዓይነት 1 ኢንሱሊን አንድ ሁለት ቀን እንኳ ከተቋረጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። ይህን በለሆሳስ ልነግርሽ አልችልም።

አማትሽን በተመለከተ፣ ፍቅራቸው ነው የሚያናግራቸው። ግን ቤት የቀረች ልጅ ስኳሯ አይድንም፤ ትምህርቷ ብቻ ይቀራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልጆች ስኳር ክትትል አለ። ክትትልሽ ሌላ ቦታ ከሆነም፣ ክትትል ያለባቸውን ልጆች ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የቤት ሥራ ሲሠሩ ይዩ። የእኔን አያት ያሳመናቸው ያ ወንበር ነው፤ የኔ ንግግር አልነበረም። ለልጆች ኢንሱሊንና ስትሪፕ በነፃ የሚገኝበት ፕሮግራም ስለመኖሩም እዚያው ጠይቂ።

ስፖርት ያለባቸውን ቀናት ብቻ ልጨምር። ሩጫ ስኳር ያወርዳል፤ አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ጭምር። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ካለ ከዚያ በፊት ትንሽ ነገር ትብላ፤ ማታም ከመተኛቷ በፊት ለኪያት። ስፖርት አትከልክያት። እሷን ከመስመር ማስወጣት ልክ እንደ ኬኩ ነው።

ልደቷስ? ኬክ እዘዢ። ግንቦት ሩቅ ስላልሆነ እስከዚያ ሰዓቱንና ልኩን ለምዳችሁታል። ትንሹን ኬክ እዘዢ፤ ክሬሙ እንዲቀንስ ለኬክ ቤቱ ንገሪ፤ ፈንዲሻውን አብዢው። ድፎ ዳቦም ጋግሪ። የምሳ ሰዓት ላይ አድርጊውና ቁራሹ በምግቧ ውስጥ ተቆጥሮ ይግባ። ቀድመሽ ለኪያት፤ የጠዋት መርፌዋን እንደወትሮው ተወግታ ትብላ። ሻማውን እሷ ታጥፋ፤ ቢላውን እሷ ትያዝ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለመምህሯ አስቀምጪና ሰኞ ጠዋት ራሷ ይዛላት ትሂድ።